የጥቁሩ አፈር ቤት

ከመድኃኒት ቤቴ ወጥቼ ለምሳ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ ጎረቤቴ ጋሽ ዶማ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ሲመጡ መንገድ ላይ ተገጣጠምን። ዕድሜ ልካቸውን የቤት መሠረት ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈርተኛው ነው፤ እሳቸውም ከፍቷቸው አያውቅም።

«በደኅና ነው ጋሼ? ወዴት ነው?»

«ምን ደኅና አለ! ሚጣዬን ከዚያ ጉድጓድ ላወጣት ነው። ትምህርት ቤት የላክኋት እንደ እኔ አፈር ስትጭር እንድትውል ነው እንዴ? ከነገ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ገብታ ሙያ ትማራለች። አለቀ!»

ሚጣዬ የሚሏት የልጅ ልጃቸውን ነው። እሳቸው አለቀ ካሉ ደግሞ አለቀ ነው። ልጅቷ ቁፋሮውን ምን ያህል እንደምትወደው ስለማውቅ አንጀቴን በላችኝና ምሳዬን ትቼ ተከተልኋቸው። እውነቱን ለመናገር ጠብ ማብረድ ደስ ይለኛል፤ ጠብ ማየትም አልጠላም።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተማሪዎቹ መሬቱን በሲባጎ አራት ማዕዘን እያደረጉ ከፋፍለው፣ ተንበርክከው አፈሩን በማንኪያና በቀለም ብሩሽ ይጠርጋሉ። ይህን ያስጀመረቻቸው አርኪዮሎጂ የተማረችው ወጣት የታሪክ መምህርት ናት። ሚጣዬ አንድ ጥግ ላይ ተደፍታ፣ መምጣታችንን እንኳ ልብ አላለችም።

«እንደምን ዋልሽ መምህር። ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉ ጋሽ ዶማ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ። ምን አጠፋን?»

«ምንም። ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ሰሞኑን ሁሉ በብሩሽ የምትዳብሱትን እኔ በዶማዬ በአንድ ጠዋት አልጨርስላችሁም?»

«ይጨርሱታል እንጂ! እኔስ የምፈራው እሱን አይደል?»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን አፈኑ። ጋሽ ዶማ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«አፈር አፈር ነው ልጄ። ወርቅ ካለው ይወጣል፣ ከሌለው ይደፋል።»

«እኛ የምንፈልገው ወርቅ ሳይሆን ሰው ነው አባቴ» አለች መምህርቷ በትሕትና። «እዚህ የኖሩት ሰዎች ጽፈው አልተዉልንም። ያለን አፈሩ ብቻ ነው። ካልተነካካ የላዩ የቅርብ ጊዜ ነው፣ የሥሩ የቆየ። አንድ ዕቃ የተገኘበትን ቦታ ሳንለካና ሳንስል ብናነሣው፣ ዕቃው እጃችን ይገባል፣ ታሪኩ ግን ያመልጠናል።»

«ታዲያ የታለ የተገኘው ዕቃ?»

መምህርቷ ወደ ሚጣዬ አመለከተችና ጫማችንን አስወልቃ በጥንቃቄ አስገባችን። ጎንበስ ብዬ ባይ ዕቃ የሚባል የለም። በቀዩ አፈር ላይ አንድ ድፍን ጥቁር ክብ ብቻ ይታያል። እልፍ ብሎ ሌላ ክብ አለ፤ ከዚያም ሌላ።

«ይሄማ የቆሸሸ አፈር ነው!» አሉ ጋሽ ዶማ። «ስንቱን ገልብጬዋለሁ!»

«ለምን የጠቆረ ይመስልዎታል አባባ?» አለች ሚጣዬ፣ አሁን ገና ቀና ብላ። «እንጨት በስብሶበት ነው። እዚህ ቋሚ ተተክሎ ነበር። እንጨቱ አለቀ፣ ቀለሙ ግን አፈሩ ውስጥ ቀረ። ይከተሉኝ።»

ከአንዱ ጥቁር ወደ ሌላው እየጠቆመች ዙሪያውን ወሰደችን። ቀስ በቀስ፣ ምንም ከሌለበት ሜዳ ላይ ክብ ቤት ዓይናችን ሥር ቆመ። መሐሉ ላይ አፈሩ በእሳት ብዛት እንደ ሸክላ ተቃጥሏል፤ ምድጃቸው ነው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የቋሚዎቹ ረድፍ ተቋረጠና፣ በእግር ብዛት የጠነከረ መሬት ታየ።

«በር» አሉ ጋሽ ዶማ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔም ወደ ምድጃው ዞርሁ። እዚያ እሳት ዳር ሰው ተቀምጦ ነበር። ልጁን ተቆጥቷል፣ አባብሏል፣ እንቅልፍ ወስዶታል። ከዚያ ሁሉ ኑሮ የተረፈው ጥላ የመሰለ ጥቁር አፈር ነው፤ እሱንም ያነበበችልን ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ ናት!

«እነማን ነበሩ?» አሉ ሽማግሌው።

«አናውቅም አባባ። ያላወቅነውን አናውቅም እንድንል ነው የተማርነው።»

«እኔ በዶማ ቆፍሬው ቢሆንስ ኖሮ?»

ሚጣዬ አያቷን ላለማስቀየም ትንሽ አመነታች። «ከነጭራሹ ያልኖሩ ያህል ይሆኑ ነበር» አለች።

ጋሽ ዶማ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ስንቱን ቤት አፍርሼ ይሆን፣ ቤት ስሠራ?» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ልጅቷ እዚሁ ትማር። አክስቷን እኔ አናግራታለሁ። ከእንግዲህ አብረውኝ መሠረት የሚቆፍሩት ልጆች እንዲህ ያለ ጥቁር ክብ ካጋጠማቸው ዶማውን ጥለው አንቺን ይጠራሉ፤ እንቢ ያለ ከእኔ ጋር አይሠራም።»

ትዕግሥት፣ መለካት፣ ሳያዩ አለመፍረድ፤ አንድ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ሙያ ይቅሰም? ልብስ ስፌትስ ቢሆን ያለእነዚህ ይሆናል? ይህን ለጋሽ ዶማ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ተነሥተዋል። መንገዱ ፊት ለፊታቸው ነው፤ ቢራመዱ ይደርሱበታል። እሳቸው ግን ግድግዳው በነበረበት ላይ አላለፉም። ዞረው ወደ በሩ ሄዱና አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ወጡ።