የነጠላው ጫፍ ቋጠሮ

(ሆስፒታል፣ ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ። እንቅርቷን ልታስወጣ ተራ የምትጠብቀው የሻረግ ጋሪ ላይ ተጋድማለች፤ የልጇ እጮኛ እናት አጸደ ነጠላዋን ይዛላት አጠገቧ ቆማለች።)

አጸደ፦ ከቋጠሩት እምነት ግንባርዎን ብቻ ልቀባዎት እንጂ፣ እትዬ የሻረግ።

የሻረግ፦ አልፈልግም አልኩ። ነጠላዬን ይስጡኝ።

አጸደ፦ እምነት ቋጥረው መጥተው ሳይቀቡ ቢላ ሥር ይገባሉ?

የሻረግ፦ ቋጠሮው አይፈታ።

አጸደ፦ የምን እምነት ነው ደግሞ እንዲህ ጠጠር ጠጠር የሚል?

የሻረግ፦ የገዳም ነው። ያገሩ አፈር እንዲያ ነው።

አጸደ፦ ፈታሁት። ኪኒን ነው እኮ።

የሻረግ፦ የጨጓራ ነው።

አጸደ፦ እኔም ጨጓራ አለብኝ፤ ኪኒኔ የሚያድረው ጠረጴዛ ላይ ነው።

የሻረግ፦ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል። የጭንቀት ነው። የልጄ አባት ካረፈ ወዲህ ከአልጋ መነሣት አቅቶኝ ሐኪም ያዘዘልኝ። ሁለት ዓመቴ። ይኸው፣ ልብዎ ይርካ።

አጸደ፦ ዛሬስ ወስደዋል?

የሻረግ፦ ጧት፣ ያለ ውሃ።

አጸደ፦ ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ሁለቴ ስትጠይቅዎት ምን አሉ?

የሻረግ፦ ጠበል ብቻ።

አጸደ፦ ኧረ እትዬ የሻረግ። ከምሰጠው ጋር የሚጣላ መድኃኒት አለ፣ አይደብቁኝ ብላለች እኮ።

የሻረግ፦ አጠገቤ የቆመው ማን ነበር? በሽማግሌዎቹ «በዘራቸው የጭንቅላት ሕመም አለ ወይ» ብሎ ያስጠየቀውስ?

አጸደ፦ እኔ ነኝ።

የሻረግ፦ እንግዲያው። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ልጄን በእኔ ኪኒን አላስቀራትም።

አጸደ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?

የሻረግ፦ በሽታውማ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ማን ደበቀው። እኔ የደበቅሁት መድኃኒቱን ነው።

አጸደ፦ ይቀልዱ። ባይነቁስ? ያ የሰርግ ድንኳን ለምን ሊሆን ነው?

የሻረግ፦ አይበሉ እንዲህ።

አጸደ፦ ይኸው ስምዎን ጠሩ። እኔ ልውጣ፣ ለብቻዎ ይንገሯት። አላየሁም፣ አልሰማሁም።

የሻረግ፦ ሰርጉ ሲደርስ ትዝ ቢልዎትስ?

አጸደ፦ ጋሪውን ሊገፉት መጡ፣ የማደንዘዣዋም ልጅ አብራ ናት፣ እትዬ የሻረግ።

የሻረግ፦ የትም አይሂዱ። የጀመሩትን ጨርሰው ይስሙ። ሲስተር፣ ጋሪውን ሳትነኪ እስቲ ጠጋ በይ፤ ቅድም ዋሽቼሻለሁ።