እስከ ወገብ የቆመው ግድግዳ

የምስክሩ ስም፦ ሮላንድ ቴምፐርሊ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ጡብ ግንበኛ
አድራሻ፦ ሲሃም ከተማ፣ ኬልፕ ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 9
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ኖቬምበር 18 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 4፡30

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር አርባ ሦስት ዓመት ጡብ ስገነባ ኖሬያለሁ። ተጠርጣሪው ክላይቭ ስቶባርት የእህቴ የዶሪን ባል ሲሆን፣ ሥራ ተቋራጭ በመሆኑ እየቀጠረኝ አብረን ሠርተናል፤ ጠብ የለንም። የወደቀውን ግድግዳ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ለፖሊስ መናገሩን ሰምቻለሁ። ውሸት ነው፤ ምክንያቱንም አስረዳለሁ።

ሰኞ ኖቬምበር 4 ቀን ከጠዋቱ 2፡00 ላይ የወይዘሮ ኦድሪ ላምቢ ቤት የጎን ግድግዳ ልንሠራ ሄድን። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በውስጠኛውና በውጭኛው መካከል ክፍተት አለ፣ ሁለቱን የሚያያይዙትም በጡቦቹ መሐል የተቀበሩ ብረቶች ናቸው። ውጭኛው አብጦ ስለነበር አፍርሰን ከታች ጀመርን። ከመኪናዬ ባወጣሁት አዲስ የማይዝግ ብረት እያያያዝኩ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወገብ ድረስ አደረስኩት። ብረቱ አለቀ። ሌላ ካርቶን እንዲያመጣ ክላይቭን ስጠይቀው ከውስጠኛው ግድግዳ ብቅ ወዳሉት አሮጌ ብረቶች እያመለከተ፣ "ምን ሆነሃል ሮላንድ? እነዚህን ወደ አዲሱ መስመር አጠፍ አጠፍ እያደረግክ መገንባት ነው እንጂ! እያቸው፣ ያበራሉ እኮ" አለኝ።

በእኛ አካባቢ የድሮ ግንበኞች የጡብ ማጣበቂያውን ሞርታር የሚያቦኩት ከድንጋይ ከሰል ማውጫ በሚመጣ አመድ ነበር። ያ ጥቁር ሞርታር ብረት ይበላል። የሚበላው ግን የተቀበረውን ጫፍ ነው፤ ክፍተቱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። አንዱን በጉጠት ስስበው ተበጥሶ ወጣ፤ የተቀበረው ጫፍ እንደ ልብስ መርፌ ቀጥኗል።

"ፊቱን ታጥቦ እግሩን ያልታጠበ ሰው ነው ይኼ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ሥራ ማክበድ ስትወድ! ሴትዮዋን ብርድ ሊገድላት ነው፣ ዓርብ እጨርሳለሁ ብያታለሁ።"

"እንግዲያው ራስህ ገንባው" ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። የቀረውን እርሱ በአሮጌው ብረት ጨረሰው።

ቅዳሜ ኖቬምበር 16 ቀን ከቀኑ 8፡15 ገደማ ንፋስ ሲነሣ ከወገብ በላይ ያለው በሙሉ ወደ ውጭ ወደቀ። ወይዘሮ ላምቢ ከሥሩ ልብስ እያሰጡ ነበር፤ ጭናቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ይገኛሉ። እኔ የገነባሁት አንድ ጡብ ሳይነቃነቅ ቆሟል፤ ሄዳችሁ እዩት። በጉጠት የሳብኩትንም ብረት ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ አለ ብያለሁ። ያን ማክሰኞ ዕቃዬን ይዤ ስወጣ ወይዘሮ ላምቢ ሻይና ብስኩት ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። "ሮላንድዬ፣ አሁንስ እስክሞት ይቆምልኛል አይደል?" አሉኝ። ብረቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። "እሱን ክላይቭን ይጠይቁት" ብዬ ሻያቸውን ጠጥቼ ሄድኩ። እውነቱን ብነግራቸው ከክላይቭ ጋር ተጣልቼ እህቴ ቤት የምበላው የእሁድ ምሳ ይቀርብኝ ነበር። ትናንትም እሁድ ነበር፤ ሄጄ በልቻለሁ። አፍሬበታለሁ፤ ይጻፍልኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ። ስለ ክላይቭ ያልኩትም ስለ ራሴ ያልኩትም እውነት በመሆኑ፣ አንዱ ተወስዶ ሌላው እንዳይተው በማሳሰብ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሮ. ቴምፐርሊ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ኒል ፎርስተር