ሰማይ የሚያሳይ እንጨት

(ደብረ ብርሃን፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት፤ በረዶ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ርዕሰ መምህሯ ዘውድነሽና የክፍሉን የጣሪያ መስኮት የሠራው የቀድሞ ተማሪዋ ሙሉሰው በሩ ላይ ተፋጠዋል።)

ዘውድነሽ፦ ከበሩ ዞር በልልኝ! ልጆቹን ላውጣ!

ሙሉሰው፦ ወዴት ነው የሚያወጧቸው እትዬ? ውጪ እኮ የሚወርደው እንቁላል ያክላል!

ዘውድነሽ፦ እዚህስ? ያ የሰቀልከው ነገር ሲረግፍባቸው ቆሜ ልይ? አምና የጣሪያው መስታወት ወድቆ የትንሿን የሶልያናን ግንባር ሰንጥቆታል። ደሟን በነጠላዬ ይዤ ነው ሐኪም ቤት የሮጥኩት።

ሙሉሰው፦ ያ መስታወት ነው። ይሄ ዋንዛ ነው፤ እንጨት።

ዘውድነሽ፦ እንጨት! ሰማዩ ወለል ብሎ እየታየኝ?

ሙሉሰው፦ እንጨቱን የሚያጠቁረውን ነገር አውጥተን በጠራ ሙጫ ስለሞላነው ነው። የእንጨቱ ክር እንዳለ ነው። ቢሰነጠቅ እንኳ ተያይዞ ይቀራል እንጂ አይረግፍም።

ዘውድነሽ፦ በበረዶ ሞክረኸዋል?

ሙሉሰው፦ በድንጋይ ሞክረነዋል።

ዘውድነሽ፦ በበረዶ ነው ያልኩህ!

ሙሉሰው፦ እንዲህ ባለው... አልሞከርነውም።

ዘውድነሽ፦ አንተስ አልፈራህም?

ሙሉሰው፦ ፈርቻለሁ እትዬ። ውጪውን ግን የባሰ ፈራሁት። ጠረጴዛ ሥር ያስገቧቸው፤ ከመሀል ይራቁ።

ዘውድነሽ፦ ልጆች! ሁላችሁም ጠረጴዛ ሥር! ቶሎ በሉ የኔ ጌቶች! ወይኔ... ተሰነጠቀ! ሙሉሰው፣ ተሰነጠቀ!

ሙሉሰው፦ ሰማሁት። ያቺ መሀል ላይ የቆመችው ማን ናት?

ዘውድነሽ፦ ሶልያና! ነይ እናቴ! አትሰማኝም፣ ደርቃ ቀረች!

ሙሉሰው፦ እርስዎ እንዳይመጡ! እኔ አመጣታለሁ።

ዘውድነሽ፦ ከላይህ እየጎበጠ ነው! ኧረ በእመቤቴ!

ሙሉሰው፦ ይዣታለሁ። ጎንበስ በይ እናቴ፣ ደረቴ ሥር ግቢ። እትዬ፣ መጣብን?

ዘውድነሽ፦ አትነቃነቅ! ተንጠልጥሏል... ውሃ ያንጠባጥባል እንጂ አልወደቀም።

ሙሉሰው፦ አሁንስ?

ዘውድነሽ፦ ቆይ፣ ቆይ... እንደያዘ ነው። በረዶውም አባራ። ቀስ ብለህ ውጣ። ነይ ሶሊ፣ እስቲ ግንባርሽን ልየው። ተመስገን፣ ምንም አልነካትም። አንተስ?

ሙሉሰው፦ እኔም ደህና ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ነገ አውርጄው መስታወቱን እመልሳለሁ።

ዘውድነሽ፦ ደግሞ መስታወት! ይህንኑ እጥፍ አወፍረህ ሥራልኝ። ልጆቼ ከሥሩ የሚቀመጡት ግን፣ እኔና አንተ በረዶ ሲወርድበት መቻሉን ቆመን ካየን በኋላ ነው።