ሦስት ቁጥር
(ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ጠባብ የድምፅ መቅረጫ ክፍል። የጠፈር ፊልም የሠራችው ወይንሸትና ያሳደጓት ጡረተኛ ታንከኛ ሻምበል ደርበው ማይክሮፎኑ ፊት ይጨቃጨቃሉ።)

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ አንድ ቃል ናት እኮ! «ዝጋ!» ሁለት ፊደል! ዘጠኝ ጊዜ ቀረጽን፣ ዘጠኝ ጊዜ ሌላ ነገር አሉ።

ሻምበል፦ ሌላ ምን አልኩ?

ወይንሸት፦ ሁለቴ «ተጠንቀቅ»፣ ሁለቴ «ወደ ኋላ»፣ አራቴ ሳል። ዘጠነኛው ደግሞ «ይሄ ውጊያ አይረባም» ነው። እሱም ተቀርጿል።

ሻምበል፦ እሱን እንዳታጠፊው። ዛሬ ከተናገርኩት ሁሉ የሚረባው እሱ ነው።

ወይንሸት፦ ቅዳሜ ሰው አዳራሽ ሞልቶ ይመጣል፤ እርስዎ ዛሬ ይቀልዳሉ። ምኑ ነው የማይረባው? ስድስት መንኮራኩር፣ አርባ ሚሳይል፣ ለሁለት የተሰነጠቀች ጨረቃ! ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያየው።

ሻምበል፦ ፈንዲሻውን ነው የሚውጠው። እኔ ሦስቴ አይቼው ማን ማንን እንደሚመታ አልገባኝም። አንዱ ከግራ ይመጣል፣ አንዱ ከላይ ይወርዳል፣ ሁሉም ይተኩሳል። ይሄ ርችት እንጂ ውጊያ ነው?

ወይንሸት፦ ጠፈር ነዋ! ጠፈር ላይ ምን ግራና ቀኝ አለ?

ሻምበል፦ ለሚያየው ሰው አለ። እኛ ሜዳ ላይ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነበር። ጠላት የት ነው? እኔ የት ነኝ? በመሀላችን ምን አለ? ይሄን ሳታውቂ ብትገቢ አትፈሪም፤ ትደናገሪያለሽ። የተደናገረ ሰው ደግሞ ቲያትር ቤት ውስጥ ቢሆን ስልኩን ያወጣል።

ወይንሸት፦ እሺ፣ ይቺን ልዋጥልዎ። መጀመሪያ ላይ ከሩቅ አሳያለሁ፤ ስድስቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘው። አሁን «ዝጋ» ይበሉልኝ።

ሻምበል፦ ጥይታቸውስ አያልቅም?

ወይንሸት፦ ጋሼ!

ሻምበል፦ እየጠየቅሁሽ ነው። የእኔ ታንክ አርባ ሦስት ጥይት ነበር የሚይዘው። አርባኛው ሲወጣ የቀሩትን ሦስቱን በእጄ እየዳበስኩ እቆጥር ነበር። ያንቺዎቹ እንደ ጧፍ እየበሩ ሲተኩሱ ይውላሉ። ማጣት የሌለበት ውጊያ ማንን ያስጨንቃል? ቢያንስ አንዷን ባዶ አድርጊያት። ተኳሹ ቃታ ስቦ «ቀጭ» ይበልበት፤ ያኔ አዳራሹ ዝም ሲል ትሰሚያለሽ።

ወይንሸት፦ … እሷ ጥሩ ናት። እሷን እሰርቅዎታለሁ።

ሻምበል፦ ውሰጂ። ይሄስ የሚንጣጣው ምንድን ነው?

ወይንሸት፦ የቱ?

ሻምበል፦ እዚህ ጋ፤ ሦስት ቁጥር መንኮራኩር ስትመታ። ሽሽሽ ጠጠጠጠ የሚለው።

ወይንሸት፦ ፍንጣሪ ነው። ሽምብራ ቆርቆሮ ላይ በትኜ ነው የቀረጽኩት። ሁለት ኪሎ ሽምብራ ወለሉ ላይ ስለቅም አምሽቻለሁ፣ እባክዎ ይሄንንስ አይንቁብኝ።

ሻምበል፦ ጠፈር ላይ ድምፅ የለም ብለሽ አልነበር?

ወይንሸት፦ ውጪ የለም። ውስጥ ለተቀመጠው ይሰማዋል።

ሻምበል፦ ውስጥ ለተቀመጠውማ እንዲህ አይሰማውም። ፍንጣሪ ብረት ሲመታ አይንጣጣም፤ ድድሽ ውስጥ ነው የሚገባው። ጆሮሽ ሳይሰማ ጥርስሽ ያውቀዋል። ከዛ የውስጠኛው ቀለም እየተላጠ ፊትሽ ላይ ይረግፋል፣ ምላስሽ ላይ ይገባል። ይመራል። አፍንጫሽ ይደማና ላብ ነው ብለሽ ትጠርጊዋለሽ።

ወይንሸት፦ ይቆዩ፣ ልጻፈው። ቀለሙ… ላብ መስሎት… እንዲህ ያለውን ለምን ድሮ አልነገሩኝም?

ሻምበል፦ ለልጅ የሚነገር ነው?

ወይንሸት፦ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው ጋሼ።

ሻምበል፦ ለእኔ ያው ነሽ። አሁን ወደ ኋላ መልሺው። ሦስት ቁጥር የምትመታበት ላይ። አቁሚው! ከሁሉ ያበሸቀኝ ይሄ ነው።

ወይንሸት፦ ይሄማ ምርጡ ቦታ ነው!

ሻምበል፦ ቦግ አለ፤ አለቀ። ውስጧ አራት ሰዎች ነበሩ። የት ሄዱ?

ወይንሸት፦ ሞቱ።

ሻምበል፦ መቼ? እኔ እሳት ነው ያየሁት፤ ሲሞቱ አላየሁም። አዛዡ «ዝጋ» ይላል፣ እነሱ በሩን ዘግተው ይዋጋሉ፣ ቦግ ይላል፣ ሙዚቃ ይገባል። ስማቸውን አሁን ያወቅሁትን ሰዎች እንደ ክብሪት ጫርሽብኝ። ተመልካቹ የሚያለቅስ መስሎሻል? ያጨበጭባል! ዓይኑ በብርሃኑ ተደሰተ፣ ሄደ።

ወይንሸት፦ ፈጣን ነው፤ ምንም ሳያውቁት…

ሻምበል፦ ሳያውቁት የሚባል ነገር የለም! ብረት ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ አይሞትም! ማንም እንዲህ አይሞትም!

ወይንሸት፦ አባቴ እንዲህ ነው የሞተው። አይደለም እንዴ?

ሻምበል፦ እሱ… የእሱ ሌላ ነው።

ወይንሸት፦ ምኑ ነው ሌላው? «ቦግ አለ፣ አለቀ፤ ጥላዬ ምንም ሳያውቀው ነው ያለፈው።» ቃል በቃል ይሄ ነው። ለእናቴ ነገሯት። ለእኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ነገሩኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ነገሩኝ፤ እናቴን የቀበርን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ደገሙልኝ። ይሄን ትዕይንት እኔ አልፈጠርኩትም፤ ከእርስዎ አፍ ነው የቀዳሁት።

ሻምበል፦ ውሃ ስጪኝ።

ወይንሸት፦ ውሃ የለም።

ሻምበል፦ ጠርሙሱ አጠገብሽ ነው።

ወይንሸት፦ ለሚናገር ሰው ነው።

ሻምበል፦ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ?

ወይንሸት፦ እንዲህ አድርገው ነው። ይንገሩኝ።

ሻምበል፦ መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። አዛዡ ሦስት ቁጥርን «ዝጋ» የሚልበትን ከየት አመጣሽው? ይሄንን እኔ ለማንም አውርቼ አላውቅም።

ወይንሸት፦ ወባዎ ሲነሳብዎት ሲሉት ነው የሰማሁት። እናቴ እግርዎን ስትይዝ እኔ ፎጣ ነክሬ ግንባርዎ ላይ ሳደርግ። «ሦስት፣ ዝጋ! ሦስት፣ ዝጋ!» ሌሊቱን ሙሉ። ልጅ ነበርኩ፤ የጀግና ፉከራ መስሎኝ በቃሌ ያዝኩት። ትምህርት ቤት ስንጫወት አዛዥ ሆኜ እለው ነበር።

ሻምበል፦ እግዚአብሔር ይይልሽ።

ወይንሸት፦ ሦስት ማነው?

ሻምበል፦ ታውቂዋለሽ።

ወይንሸት፦ ከአፍዎ ልስማው።

ሻምበል፦ … አባትሽ። አባትሽ ሦስት ቁጥር ነበር፣ እኔ አንድ። ስድስት ታንክ ነበርን። ከጠዋት ጀምሮ ሲቀጠቅጡን ውለው ሁለቱ ነደዱ፤ ሜዳው ሥጋና ጎማ ይሸታል። ጭሱ አባትሽን ዋጠው። መንገድ ጠፋበትና በሬዲዮ ይጮሃል። «ከወንዙ ግራ ነኝ፤ ከትልቁ ሾላ ሥር ነኝ፤ አንድ፣ ታየኛለህ?» ጠላት በዛው መስመር ገብቶ ያዳምጠናል። ያለበትን ቦታ በገዛ አፉ እየሰጣቸው ነው! ጮህኩበት። «ሦስት፣ ዝጋ!» አልኩት።

ወይንሸት፦ ሬዲዮውን።

ሻምበል፦ ሬዲዮውን ነዋ! እሱ ግን ከላይ መድፍ እየወረደ ስለነበር ክዳኑን ያልኩት መሰለው። ጎትቶ ጠረቀመው። ዝም ብሎ የሚታዘዝ ሰው ነበር፤ ትእዛዝ እንዳይጠይቅ ያሰለጠንኩትም እኔው ነኝ። ሬዲዮው ክፍት ቀረ።

ወይንሸት፦ ከዛስ?

ሻምበል፦ ይበቃሻል።

ወይንሸት፦ «ሲሞቱ አላየሁም» ያሉት እርስዎ ነዎት። ያሳዩኝ።

ሻምበል፦ ወይኒ፣ ተይኝ።

ወይንሸት፦ ያሳዩኝ!

ሻምበል፦ የመጀመሪያው ጥይት ሰንሰለቱን በጠሰው። ሁለተኛው ከጎን በስቶ ገባ። ሾፌሩ ወዲያው ሄደ፤ እሱ ታደለ። ሦስቱ ቀሩ። ክዳኑ ተጣሞ ነክሶ ያዘ። ክፍት ቢሆን ኖሮ ዘለው በወጡ! ከአምስት ቁጥር ሁለት ሰዎች ልብሳቸው እየነደደ ዘለው ወጥተው አፈር ላይ ተንከባለሉ፤ አንዱ ዛሬም በሕይወት አለ። ከሦስት የወጣ የለም። ይሰማኛል። ብረቱን ይደበድቡታል፤ መጀመሪያ በመፍቻ፣ ቀጥሎ በሰደፍ፣ በኋላ በእጃቸው። የእጅ ድምፅ ይለያል። ጥይት አጉራሹ እናቱን በስሟ ይጠራታል፤ እማዬ አይላትም፣ በስሟ ነው የሚጠራት። ከዛ ስም መጥራት አቅቶት ሌላ ድምፅ ያወጣል። በሬ ሲታረድ ሰምተሻል?

ወይንሸት፦ አባቴስ?

ሻምበል፦ አባትሽ ሪፖርት ያደርግልኛል። እየተቃጠለ ሪፖርት ያደርግልኛል! «አንድ፣ ክዳኑ እምቢ አለኝ። አንድ፣ እሳቱ እግሬን ያዘ።»

ወይንሸት፦ ስንት ደቂቃ?

ሻምበል፦ ሰባት።

ወይንሸት፦ የራስዎን ሬዲዮ አጥፍተው መገላገል ይችሉ ነበር።

ሻምበል፦ እንዴት ነው የማጠፋው? እያናገረኝ እኮ ነው!

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ የመጨረሻው ቃሉ ምን ነበር?

ሻምበል፦ «ዘግቻለሁ እኮ» አለኝ። «ዝጋ ብለኸኝ ዘግቻለሁ እኮ።» አልተቆጣም። ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ነው የሚጠይቀኝ።

ወይንሸት፦ ይሄው ውሃ።

ሻምበል፦ አልፈልግም።

ወይንሸት፦ ይጠጡ አልኩ! … ሠላሳ ስድስት ዓመት። እናቴ እርስዎን እንዳመነች ሞተች። እኔ «ሳያውቀው ነው ያለፈው» እያልኩ እንቅልፍ ወስዶኛል። ስንቴ ስለእሱ ስጠይቅዎ ራሴን ደባብሰው በዛች ቃል አስተኙኝ! አሁን ምን ላድርግዎ? ቢሞቱ አለቅሳለሁ፤ ቁጭ ብለው ሳይዎት ደግሞ ማነቅ ያምረኛል።

ሻምበል፦ እነቂኝ። ስንት ጊዜ ልነግርሽ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። እናትሽ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ምን ልበላት? «ባልሽን በአንዲት ቃል ጠበስኩት» ልበላት? ቦግ አለ፣ አልኳት። ከዛ በኋላማ ውሸቱ ራሱ ቤተሰብ ሆነ፤ አብሮን በላ፣ አብሮን አደገ። ኮፍያዬን ስጪኝ፣ ልሂድ።

ወይንሸት፦ የትም አይሄዱም።

ሻምበል፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንሽ። ተንበርከኪ ብትይኝ እንበረከካለሁ። እዚህ ላይ ክዳኑን ክፈቺላቸው። ፊልም ነው፤ ማን ይከለክልሻል? ሦስት ቁጥር ትንደድ፣ ሰዎቹ ግን ይውጡ። አንዴ ሲወጡ ልየው።

ወይንሸት፦ አልከፍትም።

ሻምበል፦ አንቺ ልጅ!

ወይንሸት፦ ራስዎ አይደሉ የነገሩኝ? ቦግ ሲል ሰው ያጨበጭባል ያሉኝ? አርባውን ሚሳይል አወጣዋለሁ። ጨረቃዋንም አወጣታለሁ። ሙዚቃው ይቁም። ካሜራው ከሦስት ቁጥር ውስጥ አይወጣም፤ ሰባቱንም ደቂቃ። መፍቻው፣ ሰደፉ፣ እጁ። ፈንዲሻው በአፋቸው ይድረቅ።

ሻምበል፦ ጨካኝ ነሽ።

ወይንሸት፦ ማን አሳደገኝ?

ሻምበል፦ ሰው ይሄን አይቶ ደስ ይለዋል ብለሽ ነው?

ወይንሸት፦ ደስ አይለውም። ግን ሲወጣ የሰዎቹን ስም ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ የአባቴን ሞት ዛሬ ነው ያገኘሁት፤ መልሼ አላጠፋውም። ይነሱ። ማይኩ ፊት ይቁሙ።

ሻምበል፦ አልለውም አልኩሽ እኮ።

ወይንሸት፦ ይሉታል። ወባ ሳይነሳብዎት፣ ጤነኛ ሆነው፣ ቆመው ይሉታል። ለእኔ ዕዳ አለብዎ።

ሻምበል፦ … ሦስት ቁጥር ሆኖ የሚመልሰው ልጅስ? ተዋናዩ የለም።

ወይንሸት፦ እኔ እመልሳለሁ።

ሻምበል፦ አንቺ? የጥላዬን ቦታ?

ወይንሸት፦ ማን አለው ሌላ?

ሻምበል፦ ድምፄ ቢሰበርስ?

ወይንሸት፦ ይሰበር። ቀይ መብራቱ በርቷል፣ ጋሼ።

ሻምበል፦ እ… ሦስት… ሦስት፣ ዝጋ!

ወይንሸት፦ አንድ፣ የቱን ልዝጋ?