በእብናት መንገድ የሰማሁት የእናት መሐላ

የአቋቋም መምህሩ መሪጌታ ኃይሉ፣ ውቢት የምትባል እናት፣ የጨው ነጋዴው ዓሊ። ስማቸውን ያወቅሁት ከደብረ ታቦር ወደ እብናት ከነጋዴዎች ሲራራ ጋር ስንወርድ፣ ሲጠራሩ ሰምቼ ነው።

«ውቢት፣ በቅሎዋን ምን ታስሮጫታለሽ?»

«የኔታ፣ ዲያቆኑ ልጄ ከተሳላሚዎች ጋር ኢየሩሳሌም ሊማር ተነሥቷል። ዛሬ እብናት ያድራሉ። ደርሼ ‹በጠባኸው ጡቴ እንዳትሄድ!› እለዋለሁ።»

«እንዲህ ካልሽውማ ይቀራል።»

«ይቅርልኝ! ድጓው እዚሁ በጌምድር፣ ቅኔው ጎጃም። ምን ጎደለው?»

ዓሊ ሳቀ። «እኔ ለአሞሌ ጨው ስንት በረሃ አቋርጣለሁ። ለትምህርት ሲሆን ነውር ሆነ?»

«አንተ ዝም በል! ያንተ እናት ለምዳዋለች።»

«ተይው፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «እኔንም እናቴ በጡቷ አማለችኝ። አብሮ አደጌ ሄደ፤ ዐረብኛና ግሪክኛ ተምሮ ተመለሰ። እኔ ከጓሮዋ ቀረሁ።»

«ጦረዋት ተመረቁ እንጂ!»

«ጦርኋት። ግን ፊቷን ባየሁ ቁጥር ያልተሻገርሁት ባሕር ይታየኝ ነበር። እሷም ይህን አውቃ ነው የሞተችው።»

አንድ ዳገት እንደ ወጣን ውቢት በቅሎዋን ወደ ዓሊ አስጠጋች።

«እስከ ባሕሩ ስንት ቀን ነው፣ ዓሊ?»

«ከወር ይበልጣል።»

«በሶ እንኳ አልያዘም!»

«እብናት ገበያ አለ።»

«እንግዲያ ፍጠኑ፤ ገበያው ሳይበተን እንድረስ» አለች።

እኔ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ልጄን «ካገር ብትወጣ አባት የለህም» ብዬው ነበርና፣ እብናት እንደ ገባን ቃሌን ወደ ደብረ ታቦር የሚመልስልኝ ሰው ማፈላለግ ጀመርሁ።