የአቶ ሻምበል ባዶ ወንበሮች

ያለፈውንና የሚመጣውን በአንድነት የሚያይ እግዚአብሔር በሚያውቀው ጊዜ፥ ጦርነቱ ካርቱምን ሳያፈርሳት በነበረው በጋ፥ በከተማዋ ሪያድ በሚባል ሰፈር ሱቅ ለነበራቸው ለአቶ ሻምበል የወንድማቸው መርዶ ደረሳቸው። ከመተማ ወዲያ ባለው ቀያቸው ዝናም ከራቀ ሰንብቷል፤ ወንድማቸውም የደረቀ ጕድጓድ ሲያስጠልቅ አፈር ተንዶበት ሞተ።

ለአርባው ሊነሡ ሲሉ መንገድ ላይ የሰፈራቸውን ልጅ አማኒን አገኟት። እናቷ ኢትዮጵያዊት፥ አባቷ ሱዳናዊ፥ ራሷም የጂኦግራፊ ተማሪ ናት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፥ ያ ዐሚ፥ አጎቴ። በአውሮፕላን ነው የሚሄዱት?»

«የለም። ጢሱ ምድርን ያሞቃል ስትዪ ሰምቼ ተውሁት። ላንድክሩዘር ለብቻዬ ተኰናትሬአለሁ። በይ አመስግኚኝ!»

አማኒ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ብቻዎን?»

«ሃያ ዓመት በስደት የኖረ ሰው እንደ ከሰል ጆንያ ባስ ላይ ታጭቆ ልቅሶ ይድረስ? አገሬው ምን ይለኛል?»

«ያ ዐሚ፥ አውሮፕላን ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ ግን ጢሱን መቶ ሰው ይካፈለዋል። የእርስዎን ማን ይካፈልዎታል? ወላሂ፥ በትልቅ መኪና ብቻውን የሚሄድ ከሚበረው እምብዛም አይሻልም። የሚሻለው ሞልቶ የሚሄደው ባስ ነው።»

«ከሰማይ አወረድሽኝ፥ አሁን ደግሞ ከመኪና! ነገ በእግርህ ሂድ ትዪኛለሽ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቁን ትተው፥ «ለመሆኑ በባስ ብሄድ ዝናሙ ይመለሳል? ወንድሜስ ከጕድጓዱ ይወጣል?»

«አይመለስም፤ አይወጣም። የሚበሩትም መብረራቸውን አይተዉም።»

«ታዲያ ምን ልትዪኝ ነው?»

«የወንድምዎን ጕድጓድ ያደረቀውን በርግጥ አላውቅም። ጢሳችን ሙቀቱን እንደሚጨምር ግን ተምሬአለሁ። ለእርሱ ሊያለቅሱ ሲሄዱ የሌላውን ጕድጓድ የሚያደርቅ አይጨምሩ።»

ሰው ከበደል የሚርቀው ዓለም በእርሱ ስለሚድን ብቻ እንዳልሆነ አቶ ሻምበል ከልጅነታቸው ጀምሮ ተምረው ነበር፤ ለካ ይህ ትምህርት ለጢስም ይሠራል። ከእርሳቸው ጋር ባዶ የሚጓዙትን ወንበሮች አሰቡና መኪናውን መልሰው የባስ ቲኬት ቆረጡ።

ባሱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው እርሻ ሁሉ አመድ መስሏል። ዕንባቸው ሲወርድ ጎናቸው የተቀመጠችው ሀዋ የምትባል ሴት እንዲያብሱበት ነጠላዋን ዘረጋችላቸው፤ እርሷም ልጇን ቀብራ ወደ አገሯ መመለሷ ነበር። ከፊታቸው ያለው ወጣትም ዞሮ ውሃውን አቀበላቸው። ላንድክሩዘሩ ውስጥ ቢሆኑ ያንን ሁሉ መንገድ ማን ያጽናናቸው ነበር? ጢሱ ለብዙዎች ተከፈለ፥ ኀዘኑም እንዲሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ለብቻ መጓዝን ክብር አታድርገው። የቤትህን ምንጭ እግዚአብሔር አያድርቅብህ፤ በምታዝንበትም ቀን ከጎንህ ያለውን ወንበር ባዶ አያድርግብህ። አሜን።