በርገር በዳጣ

አባቴ ከገሱባ ሲመጣ፣ እስቲ አዲስ ነገር ይቅመስ ብዬ ሶዶ ውስጥ ስሙ የተወራለት በርገር ቤት ይዤው ገባሁ። በርገሩ ከነቺፕሱ ቀረበ። አባቴ ሥጋውን ከዳቦው መሃል መዘዘና፣ ከቤት በብልቃጥ ይዞት የመጣውን የሚያቃጥል ዳጣ ከኮቱ ኪስ አወጣ። ሥጋ ያለ ዳጣ አይሆንለትም። ቺፕሱንም አልማረው፤ እያጠቀሰ ይበላ ጀመር።

ከፊታችን የተቀመጡት ወጣቶች ተንከተከቱ። አንዷማ ስልኳን ደግና ትቀርጸው ጀመረች። ደሜ ፈላ። ልነሳባት ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ዐይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም እኮ! አምሯቸው ነው። በል ውሰድላቸው» ብሎ ብልቃጡን አስጨበጠኝ።

እውነቱን በየትኛው አፌ ልንገረው? ወሰድኩላቸው።

«አባቴ ነው የላከላችሁ፤ ያማራችሁ መስሎት» አልኳቸው።

ልጅቷ ስልኳን ወደ ብልቃጡ አዞረችው። አባቴ ከወዲያ ሆኖ፣ «ብሉ፣ ብሉ» እያለ በእጁ ይጋብዛቸዋል።